ድምፅ የሌለው ግድግዳ፦ የዱንሁዋንግ ዋሻዎች እንዴት የኮንሰርት ሙዚቃ ሆኑ?

ሞጋኦ የሚባለው ገደል በሰሜን ምዕራብ ቻይና፣ በጋንሱ ክፍለ ሀገር፣ ከዱንሁዋንግ ከተማ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በረሃ ውስጥ ይገኛል። ሌ ዙን የተባለ መነኩሴ በ366 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ዋሻ እንደፈለፈለ ይነገራል። ከዚያ ወዲህ መነኮሳት፣ ነጋዴዎች፣ መኳንንትና ተራ ምዕመናን ለአንድ ሺህ ዓመት ያህል እየተቀባበሉ ገደሉን ሲፈለፍሉና ሲያስጌጡ ኖረዋል። ዛሬ ሥዕልና ሐውልት ያለባቸው 492 ዋሻዎች አሉ፤ የግድግዳው ሥዕል ሲደመር 45,000 ካሬ ሜትር ያህል ይሆናል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሥዕሎቹን ያጠኑ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ነገር አለ፤ የሙዚቃውን ብዛት። ሙዚቃን የሚመለከት ሥዕል ያለባቸው ዋሻዎች ከ240 ይበልጣሉ። በእነሱ ውስጥ ከ4,000 በላይ የሙዚቃ መሣሪያዎች፣ ከ3,000 በላይ ሙዚቀኞችና 500 ያህል የሙዚቃ ቡድኖች ተቆጥረዋል። ዋሽንት የሚነፋ አለ፣ ከበሮ የሚመታ አለ፣ በገና የሚመስል ባለ ብዙ ክር መሣሪያ የሚደረድር አለ። በገነት ሥዕሎች ላይ ደግሞ መሣሪያዎቹ ጥብጣብ ታስሮላቸው፣ ሙዚቀኛ ሳይነካቸው፣ ሰማይ ላይ ይንሳፈፋሉ፤ በዚያ አገር ሙዚቃ ከራሱ ይፈልቃል ለማለት ነው። ይህ ሁሉ ሙዚቃ ተሥሎ አንዲት ድምፅ እንኳ አይሰማም።

ታን ዱን የተባለው ቻይናዊ የሙዚቃ ደራሲ «ቡድሃ ፓሽን» በሚል ርዕስ የጻፈው ትልቅ ድርሰት ከዚህ ግድግዳ የተነሣ ነው። ለኦርኬስትራ፣ ለብዙ መዘምራን፣ ለነጠላ ድምፃውያንና ለባህላዊ ሙዚቀኞች የተጻፈው ይህ ሥራ በግንቦት 2018 በጀርመኗ ድሬስደን ከተማ የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀረበ። ወጪውን የተካፈሉት የድሬስደን ፌስቲቫል፣ የኒው ዮርክና የሎስ አንጀለስ ፊልሃርሞኒኮች እንዲሁም የሜልበርን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ናቸው። ከዚያ ወዲህ በተለያዩ አህጉራት ቀርቧል፤ ዴካ የተባለው የሙዚቃ ኩባንያም በ2023 ቅጂውን አውጥቷል። ሥራው በቀረበበት ከተማ ሁሉ ማስታወቂያው የሚናገረው ተመሳሳይ ነው፤ የጠፋው የዱንሁዋንግ ሙዚቃ ከሺህ ዓመት ዝምታ በኋላ እንደገና ተሰማ ይላል።

ይህን አባባል መመርመር ያስፈልጋል ብዬ አምናለሁ። ሥራውን እወደዋለሁ፤ ማስታወቂያው ግን ግድግዳው የሰጠውንና ደራሲው የጨመረውን ይደባልቃል። ሁለቱ ሲለዩ ደራሲው የሠራው ይበልጥ ይታያል፣ የጠፋውም ነገር መጠን እንዲሁ።

ታን ዱን በ1957 በሁናን ክፍለ ሀገር ገጠር ተወለደ። በቻይና የባህል አብዮት ዘመን (1966–1976) እንደ ብዙ እኩዮቹ ሩዝ እንዲተክል ወደ ገጠር ተላከ፤ በኋላም ከአንድ የፔኪንግ ኦፔራ ቡድን ጋር በደጋን የሚገዘገዘውን የቻይና ማሲንቆ ይጫወት ነበር። ትምህርት ቤቶቹ እንደገና ሲከፈቱ ቤጂንግ በሚገኘው ማዕከላዊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገባ። በ1986 ወደ ኒው ዮርክ አቀና፤ እዚያም በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተማረ። ብዙ ሰው የሚያውቀው በፊልም ሙዚቃው ሲሆን በ2001 ኦስካር ያገኘውም በዚሁ ነው። ከፊልም ሙዚቃው በፊትም በኋላም ግን አንድ ሐሳብ አልለቀቀውም፤ የቻይና ጥንታዊ ስፍራና ቅርስ በምዕራባዊው ኦርኬስትራ በኩል እንዴት ሊናገር ይችላል የሚለው ሐሳብ።

ዋሻዎቹን ለመረዳት ከዚያ በፊት የሠራበትን ሌላ ቅርስ ማየት ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ያኛው ቅርስ በእርግጥ ድምፅ አለው። በ1978 ሁቤይ ክፍለ ሀገር ውስጥ፣ በሱይዦ አቅራቢያ፣ ዜንግ የተባለችው ጥንታዊ ግዛት መስፍን የነበረው የዪ መቃብር ተቆፈረ። ውኃ ሞልቶት የነበረው መቃብር ዕቃዎቹን ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ጠብቆ አቆይቷል። ከውስጡ የወጡት 65 የነሐስ ደወሎች በሦስት ደረጃ በእንጨት መስቀያ ላይ እንደተሰቀሉ ተገኙ። አንደኛው ደወል የጎረቤቷ የቹ ግዛት ንጉሥ ስጦታ ሲሆን በላዩ ያለው ጽሑፍ ዘመኑን ከክርስቶስ ልደት በፊት 433 መሆኑን ያሳውቃል። ትልቁ ደወል ብቻውን ከ200 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል።

የደወሎቹ አሠራር እጅግ የረቀቀ ነው። የቤተ ክርስቲያን ደወል ክብ ስለሆነ ሲመታ ድምፁ ረጅም ጊዜ ያስተጋባል፤ በተከታታይ ከተመታ ድምፆቹ ተደራርበው ዜማው ይጠፋል። የቻይናዎቹ ደወሎች አፍ ግን ክብ አይደለም፤ ከሁለት ወገን ጠፍጠፍ ብሎ ጫፍና ጫፉ ሹል ነው። ስለዚህ ድምፁ ቶሎ ይከስማል፣ ዜማ መጫወትም ይቻላል። ከዚህም በላይ አንድ ደወል ሁለት ድምፅ አለው፤ ፊት ለፊት መካከሉ ላይ ሲመታ አንድ፣ ጎን በኩል ሲመታ ሌላ፣ ከፍ ያለ ድምፅ ይሰጣል። የትኛው ቦታ የትኛውን ድምፅ እንደሚሰጥ ደግሞ በወርቅ በተሞላ ቅርጽ ደወሉ ላይ ተጽፏል። መሣሪያውና የሙዚቃ ትምህርት መጽሐፉ አንድ ላይ የተቀበሩ ያህል ነው።

በ1997 ሆንግ ኮንግ ወደ ቻይና ስትመለስ ታን ዱን ለበዓሉ በጻፈው ሲምፎኒ ውስጥ እነዚህን ደወሎች ከቼሎ፣ ከሕፃናት መዘምራንና ከኦርኬስትራ ጋር አሰለፋቸው። የቼሎውን ድርሻ የተጫወተው ዮ ዮ ማ ነው። እዚህ ላይ ደራሲው ጥንታዊ ድምፅ አሰማ ቢባል ልክ ነው። ድምፁ በነሐሱ ውስጥ አለ፤ የመታው ሁሉ ያንኑ ድምፅ ያገኛል። የጎደለው ዜማው ነው፤ ደወሎቹ ላይ የድምፆቹ ስም እንጂ የሚዘመረው አልተጻፈም።

ሞጋኦ ከዚህ በታች ነው የሚጀምረው። ሥዕል የመሣሪያውን ቅርጽ፣ የክሩን ቁጥር፣ የእጁን አያያዝ፣ ማን ከማን አጠገብ እንደተቀመጠ ያሳያል። ክሩ ምን ያህል እንደተወጠረ፣ ምቱ ምን ያህል እንደፈጠነ፣ ዜማው ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ አያሳይም። ሠዓሊው ሙዚቀኛ ስለመሆኑም ዋስትና የለም።

ከሁሉ የታወቀው ምሳሌ በቁጥር 112 ዋሻ ውስጥ ያለው ነው። ዋሻው ትንሽ ነው፤ ሥዕሉ የታንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን (618–907) ነው። አንዲት ዳንሰኛ አንድ እግሯን አንሥታ፣ ፒፓ የሚባለውን ባለ አራት ክር መሣሪያ ከአንገቷ በስተኋላ ይዛ ትደረድራለች። በግራና በቀኝ የተቀመጡ ሙዚቀኞች ያጅቧታል። የጣቶቿ አቀማመጥ በጥንቃቄ ስለተሣለ አንድ የፒፓ ተማሪ ቆሞ ሊያጠናው ይችላል። ይሁን እንጂ በታንግ ዘመን ሰዎች በእርግጥ እንዲህ ይጫወቱ ነበር ወይስ ሠዓሊው የዳንስ ውበትን ብቻ አስቦ ነው የሣለው የሚለው ጥያቄ መልስ አላገኘም። ይህ አቋም ዛሬ በመላው ቻይና የሚታወቀው በ1979 የጋንሱ የሙዚቃና የውዝዋዜ ቡድን ከዋሻዎቹ ሥዕል ተነሥቶ ባዘጋጀው የውዝዋዜ ድራማ ምክንያት ነው። ዛሬ በዱንሁዋንግ ከተማ አደባባይ የዚህች ዳንሰኛ ሐውልት ቆሟል።

ታን ዱን በድርሰቱ ውስጥ ይህችን ሴት ከግድግዳው አውርዶ መድረክ ላይ አቆማት። አንዲት ሙዚቀኛ ፒፓውን ከጀርባዋ ይዛ እየደነሰች ትጫወታለች። ለተመልካቹ አስደናቂ ትዕይንት ነው። ለሙዚቃው ግን ዋጋ ይጠይቃል፤ በዚህ አያያዝ የግራ እጅ እንደልብ አይሮጥም፣ ስለዚህ ደራሲው የጻፈው ክፍል አጫጭር ሐረጎች፣ ድግግሞሽና ጠንካራ ምት ላይ ያርፋል። እኔን የሚያረካኝ ይኸው ነው። ሥዕሉ ዜማ ባይሰጥም ገደብ ሰጥቷል፤ ደራሲው ገደቡን ተቀብሎ ከእሱ ውስጥ ሙዚቃ አወጣ። ዘጠኝ መቶ ወይም አንድ ሺህ ዓመት የኖረ ዜማ መስሎ የሚቀርብ ጣፋጭ ዜማ ከመጻፍ ይህ የበለጠ እውነተኛ ነው።

ርዕሱ ውስጥ ያለው «ፓሽን» በአውሮፓ ሙዚቃ የታወቀ ዘርፍ ነው፤ የክርስቶስን ሕማማት ከወንጌል እየተረኩ በዜማ ማቅረብ። የዘርፉ ቁንጮ የጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ የባህ «የማቴዎስ ሕማማት» ነው። በባህ ሥራ መዘምራኑ አንዴ «ስቀለው» የሚል ሕዝብ ይሆናሉ፣ አንዴ ደግሞ በደሉን አስቦ የሚያለቅስ ምዕመን። ታን ዱን ይህን ዘርፍ ቀድሞ ሞክሮታል። በ2000፣ ባህ የሞተበት 250ኛ ዓመት ሲታሰብ፣ የሽቱትጋርት የባህ አካዳሚ ከአራት የዓለም ክፍሎች አራት የሙዚቃ ደራሲዎችን መርጦ አዳዲስ ሕማማት እንዲጽፉ ሲያዝ አንዱ እሱ ነበር። የጻፈውም የማቴዎስን ወንጌል የተከተለና መድረክ ላይ በመስቀል ቅርጽ በተደረደሩ 17 የውኃ ገበታዎች የሚታጀብ ድርሰት ነው። ሙዚቀኞች እጃቸውን ውኃ ውስጥ እየነከሩ ይመታሉ፣ ያፈሳሉ፣ ያንጠባጥባሉ።

ከዚያ ነው ጥያቄው የመጣለት፤ ክርስትና እንዲህ ያለ የሕማማት ሙዚቃ ካለው፣ ቡድሂዝም ለምን አይኖረውም? ጥያቄው ቀላል አይደለም። የቡድሃ ታሪክ መስቀል የለውም፤ ወደ አንድ ቀንና ወደ አንድ ሞት የሚሮጥ ትረካም አይደለም። ስለዚህ ታን ዱን አንድ ታሪክ ከመከተል ይልቅ ስድስት ክፍሎችን ሠራ፤ የቦዲ ዛፍ፣ ዘጠኝ ቀለም ያላት አጋዘን፣ ሺህ እጅና ሺህ ዓይን፣ የዜን አትክልት ስፍራ፣ የልብ ሱትራ (ሱትራ የቡድሂዝም ቅዱስ ጽሑፍ ነው) እና ኒርቫና (ከሥቃይ ሁሉ ነጻ መውጣት)። የሚዘመረው በቻይንኛና በሳንስክሪት ነው። ስድስቱን የሚያስተሳስረው ርኅራኄ ነው፤ በየክፍሉ አንድ ፍጡር ለሌላው ሲል የራሱን ይሰጣል።

ሁለተኛው ክፍል ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ሥዕልና ሙዚቃ የት እንደሚለያዩ እዚህ ላይ ይገለጣልና። ታሪኩ የቆየ የቡድሃ ቀዳሚ ሕይወት ተረት ነው። ዘጠኝ ቀለም ያላት አጋዘን ወንዝ ሊወስደው የነበረን ሰው ታድናለች፤ ያለችበትን ለማንም እንዳይናገር ብቻ ትለምነዋለች። ንግሥቲቱ የአጋዘኗን ቆዳ ትመኛለች፣ ንጉሡ ሽልማት ያውጃል፣ የዳነው ሰው አሳልፎ ይሰጣታል። በቁጥር 257 ዋሻ፣ በሰሜን ዌይ ሥርወ መንግሥት ዘመን (386–534)፣ ይህ ታሪክ እንደ ረጅም ሰቅ ተሥሏል። ሠዓሊው ግን ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው አልሄደም። ከአንዱ ጫፍ ማዳኑ ይጀምራል፣ ከሌላው ጫፍ ቤተ መንግሥቱና ክህደቱ ይጀምራል፣ ሁለቱም ወደ መካከል ይጓዛሉ። መካከሉ ላይ ንጉሡ በፈረሱ ላይ፣ አጋዘኗ በእግሯ ቆማ፣ ፊት ለፊት ይገናኛሉ። አጋዘኗ አልተንበረከከችም። አንገቷን ቀና አድርጋ ንጉሡን ትናገረዋለች።

ተመልካች ይህን ሰቅ ሲያይ መጨረሻውን መካከል ላይ አስቀድሞ ያየዋል፤ ከዚያ ዓይኑን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይልካል። ሙዚቃ እንዲህ ማድረግ አይችልም፤ ከመጀመሪያ ወደ መጨረሻ ብቻ ይሄዳል። ታን ዱን ታሪኩን በቅደም ተከተል ሲተርከው ክህደቱ በድንገት ይመጣል፣ አድማጩም እንደ አጋዘኗ ሳይዘጋጅ ይወድቅበታል። በግድግዳው ላይ ያለው የመጋጠም ጥንካሬ፣ ያቺ ቀና ያለች አንገት፣ ግን ይላላል። በዚህ ክፍል ግድግዳው ከሙዚቃው ይበልጣል ብዬ አስባለሁ።

የመጨረሻው ክፍል በተቃራኒው ነው። በቁጥር 158 ዋሻ ከ15 ሜትር የሚበልጥ ርዝመት ያለው ቡድሃ በቀኝ ጎኑ ተኝቶ ይታያል፤ ወደ ኒርቫና የገባበት ሰዓት ነው። ፊቱ ላይ ሥቃይ የለም፣ እንቅልፍ የወሰደው ይመስላል። ከእግሩ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ግን የልዩ ልዩ አገር መሳፍንት ያለቅሳሉ፤ አንዱ ጆሮውን ይቆርጣል፣ ሌላው ደረቱን በጩቤ ይወጋል። የፊታቸው ቅርጽ፣ ባርኔጣቸውና ልብሳቸው ሁሉ የተለያየ ነው፤ ቻይናን ከምዕራቡ ዓለም ጋር ባገናኘው ጥንታዊ የንግድ መስመር፣ በሐር መንገድ፣ ያለፈው ሕዝብ በአንድ ለቅሶ ላይ ተሰብስቧል። የዚህ ዋሻ ኃይል ፍጹም ዕረፍትና ፍጹም ዋይታ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ጊዜ መኖራቸው ነው። ይህን ደግሞ ሙዚቃ ከማንም የተሻለ ይችለዋል። መዘምራኑ ሲያለቅሱ ዝቅተኛው ድምፅ ሳይናወጥ ሊቆይ ይችላል፤ ሁለቱም አብረው ይሰማሉ፣ አንዱ ሌላውን አያጠፋውም። የሞት አልጋው ከነለቅሶተኞቹ የተሰማኝ እዚህ ነው።

በአምስተኛው ክፍል አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ሁለት ድምፅ የሚያወጣበት የማዕከላዊ እስያ የጉሮሮ ዜማ ይሰማል። ከሥር እንደ ማጉረምረም ያለ ወፍራም ድምፅ አለ፤ ከላዩ እንደ ፉጨት ቀጭን ዜማ ይወጣል። ሙዚቀኛው ይህን የተማረው ከሥዕል ሳይሆን ከሰው ነው፤ ከአስተማሪ ወደ ተማሪ ሲተላለፍ የመጣ ጥበብ ነው። በስድስቱ ክፍሎች ውስጥ ጥንታዊ የሚለው ቃል ያለ ጥርጥር የሚገባው ድምፅ ካለ ይኼኛው ነው። ሌላ ቦታ፣ በተለይ መዘምራኑ በሙሉ አንድ ሰፊ ዜማ ይዘው ኦርኬስትራው ከሥር ሲያብጥ፣ የፊልም ማብቂያ ሙዚቃ ይመስለኛል። ደራሲው የፊልም ሙዚቃን አሳምሮ ያውቃል፤ እጁ ወደለመደበት ሲሄድ ዋሻው ይርቃል።

ከሥዕሉ ሌላ ሞጋኦ የተጻፈ ነገርም ነበረው። በ1900 ዋንግ ዩዋንሉ የተባለ የዳኦ እምነት መነኩሴ ዋሻ ሲያጸዳ ከግድግዳ ጀርባ የተዘጋች ጠባብ ክፍል አገኘ። ዛሬ ቁጥር 17 የምትባለው ይህች ክፍል ከወለል እስከ ጣሪያ በጥቅል ወረቀቶች ተሞልታ ነበር፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ጽሑፎች። በ1907 ለእንግሊዝ ይሠራ የነበረው ተመራማሪ ኦሬል ስታይን፣ በ1908 ፈረንሳዊው ምሁር ፖል ፔሊዮ መጡ፤ ለመነኩሴው ጥቂት ገንዘብ ሰጥተው በሺዎች የሚቆጠሩትን ወደ ለንደንና ወደ ፓሪስ ወሰዱ። ቀኑ ከተጻፈባቸው የታተሙ መጻሕፍት ሁሉ ጥንታዊ የሚባለው የ868 ዓ.ም. የአልማዝ ሱትራ ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛል። ታን ዱን ድርሰቱን ሲያዘጋጅ ዋሻዎቹን ብቻ ሳይሆን እነዚህን የአውሮፓ ስብስቦችም መጎብኘት ነበረበት። አንድ ቻይናዊ ስለ ቻይና ዋሻ ለመጻፍ ለንደን መሄድ ግድ ሆነበት ማለት ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱት ወደ 350 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት የተቀመጡት እዚያው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው፤ ሊቃውንቶቻችንም ለጥናት እዚያው ይሄዳሉ።

ፓሪስ ከደረሱት መካከል ለሙዚቃ ሰው ከሁሉ የሚበልጠው አንድ ጥቅል አለ። በአንድ ገጹ በ933 ዓ.ም. የተጻፈ የሱትራ ትምህርት ሲኖር በጀርባው 25 የፒፓ ዜማዎች በምልክት ተጽፈዋል። እዚህ ላይ ግድግዳው ያልሰጠው ነገር የተገኘ ይመስላል። ምልክቶቹ ግን የሚነግሩት ጣት የትኛው ክር ላይ የት እንደሚያርፍ ነው፤ ምቱን፣ ርዝመቱንና አካሄዱን በእርግጠኝነት አይናገሩም። አንባቢ የእኛን የዜማ ምልክት ቢያስብ ነገሩ ይገባዋል። በድጓው ቃል ላይ የተጻፈው ምልክት ዜማውን ከመምህሩ አፍ ለተቀበለ ተማሪ ማስታወሻ ነው፤ መምህር ለሌለው ሰው ግን ከብራናው ብቻ ዜማውን ማውጣት አይቻልም። የዱንሁዋንጉ ፒፓ ምልክትም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ የመምህራኑ ሰንሰለት ከብዙ ዘመን በፊት መበጠሱ ነው። ስለዚህ ያንኑ ጥቅል ያነበቡ ሊቃውንት አንዱ ፈጣን ጭፈራ፣ ሌላው ዝግ ያለ ዜማ አውጥተውበታል፤ እስካሁንም አልተስማሙም።

ታን ዱን ይህን መበጠስ በራሱ ሕይወት ያውቀዋል። በ1981 በምዕራብ ሁናን ተራሮች ውስጥ ድንጋይ በድንጋይ እየመታ ሙዚቃ የሚያወጣና ከነፋስና ከደመና ጋር የሚነጋገር አንድ ሽማግሌ አገኘ። በ1999 ሊማርና ሊቀርጸው ተመልሶ ሲሄድ ሰውየው አርፎ ነበር፤ የእሱን ጥበብ የያዘ ሌላ ሰው አልነበረም። ከዚህ ሐዘን «ካርታው» የተባለ የቼሎ ድርሰት ጻፈ። በ2003 በቦስተን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ በቀረበው በዚህ ሥራ ውስጥ ቼሎው በቪዲዮ ከተቀረጹ የመንደር ሙዚቀኞች ጋር ይቀባበላል። በዚያው ዓመት ድርሰቱን ወደ ሁናን ወስዶ በጥንታዊቷ ፌንግሁዋንግ ከተማ በወንዝ ላይ አቀረበው። ድንጋዮቹ እዚያው ተራራ ላይ አሉ፤ የጠፋው የሚመታቸው ሰው ነው።

ሌላው መነሣት ያለበት ጉዳይ ሥልጣን ነው። ትላልቅ ቅርሶች መንግሥታትን ይስባሉ፤ ስለ እነሱ የሚጻፍ ሙዚቃም እንዲሁ። የ1997ቱ ሲምፎኒ የተጻፈው ለመንግሥት በዓል ነው። ዱንሁዋንግም ቤጂንግ በ2013 ካወጀችው የሐር መንገድ ፕሮጀክት ጋር በየንግግሩ የምትጠቀስ ከተማ ሆናለች። በእንዲህ ያለ ጊዜ ስለ ዋሻዎቹ የሚዘመር ሙዚቃ የአገር ገጽታ ማስተዋወቂያ ሆኖ ቢያገለግል አይገርምም። ታን ዱን ራሱ ይህን አደጋ በ2006 በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ባቀረበው የመጀመሪያው የቻይና ንጉሠ ነገሥት ታሪክ ውስጥ ነክቶታል። ፕላሲዶ ዶሚንጎ የተጫወተው ቺን ሺ ሁዋንግ ግዛቱን የሚያስተሳስር አንድ መዝሙር ይፈልጋል፤ እንዲጽፍለትም ሙዚቀኛውን ጋኦ ጂያንሊን ያስገድዳል። መጨረሻ ላይ በዘውድ በዓሉ ቀን የሚሰማው መዝሙር ታላቁን ግንብ እየገነቡ የሚያልቁት ባሪያዎች ያለቀሱት ዜማ ሆኖ ያገኘዋል። ኦፔራው በርዝመቱና በዝግታው ተተችቷል፤ ያ ትዕይንት ግን ግንቡን እንደ ኩራት ብቻ ለሚያይ ሁሉ ከባድ መልስ ነው። «ቡድሃ ፓሽን» ውስጥ እንዲህ ያለ የሚቆረቁር ነገር ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር። ዋሻዎቹን የፈለፈሉት፣ ጭቃውን የለሰኑት፣ ቀለሙን የፈጩት ሰዎች ድርሰቱ ውስጥ ድምፅ የላቸውም።

ዋሻዎቹ ራሳቸው ዛሬ ጊዜ እየተሻሙ ነው። የግድግዳው ልስን ከጭቃና ከገለባ የተሠራ ሲሆን ከድንጋዩ ውስጥ የሚመጣ ጨው አለበት። አየሩ ሲረጥብ ጨው ይሟሟል፣ ሲደርቅ እንደገና ይጠጥራል፤ በጠጠረ ቁጥር ቀለሙን ከልስኑ ይገፋዋል፣ ቀለሙም እየተላጠ ይወድቃል። እርጥበቱን ከሚያመጡት አንዱ የጎብኚ ትንፋሽ ነው። ስለዚህ በ1944 የተቋቋመው የዱንሁዋንግ ተቋም ከአሜሪካው ጌቲ የቅርስ ጥበቃ ተቋም ጋር ከ1989 ጀምሮ በየዋሻው የእርጥበትና የሙቀት መለኪያ አስቀምጧል፤ ልኩ ሲያልፍ ዋሻው ይዘጋል፣ በቀን የሚገባው ሰውም በቁጥር የተወሰነ ነው። በ1963 ወደ በረሃው ሄደው ዕድሜያቸውን እዚያ የሰጡት የቀድሞዋ የተቋሙ ኃላፊ ፋን ጂንሺ ዋሻዎቹ በዲጂታል እንዲቀረጹ ለዓመታት ሠርተዋል። ከ2016 ጀምሮ የ30 ዋሻዎች ምስል በኢንተርኔት ለሁሉም ክፍት ሆኗል፤ የተበተኑትን ጽሑፎች በምስል የሚያሰባስበው ዓለም አቀፍ ፕሮጀክትም በ1994 ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ ተጀምሮ እየሠራ ነው።

ሙዚቃው በዚህ ጥረት ውስጥ ቦታ አለው። ኮንሰርት አዳራሽ ውስጥ የሚቀመጥ ሁለት ሺህ ሰው በዋሻው ግድግዳ ላይ አይተነፍስም። ሆኖም ሙዚቃው የዋሻው ምትክ ነው ብሎ ማቅረብ ስሕተት ነው። ሠዓሊዎቹ የሰሙት ሙዚቃ ጠፍቷል፤ ታን ዱን የጻፈው የ21ኛው ክፍለ ዘመን ሙዚቃ ነው፤ ከሁናን ገጠር፣ ከፔኪንግ ኦፔራ፣ ከባህና ከፊልም የተማረ ሰው በሥዕል ፊት ቆሞ የመለሰው መልስ። የፕሮግራም ወረቀቶቹ ይህን በግልጽ ቢጽፉት ድርሰቱም ክብሩ አይቀንስም፣ አድማጩም የጠፋውን አገኘሁ ብሎ አይዘናጋም።

ለማዳመጥ ለሚፈልግ ሰው የምመክረው ሙሉውን በአንድ ጊዜ እንዳይጀምር ነው፤ ርዝመቱ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ነው። መጀመሪያ የቁጥር 158 ዋሻን ምስል ከፍቶ የሚያለቅሱትን መሳፍንት አንድ በአንድ ይይ፤ ከዚያ ምስሉን ዘግቶ ስድስተኛውን ክፍል ያዳምጥ። ቀጥሎ የቁጥር 257ን ሰቅ ከሁለቱም ጫፍ ወደ መካከል እየተከተለ ያንብብና ወደ ሁለተኛው ክፍል ይመለስ። የቀሩት አራቱ በፈለገው ቅደም ተከተል ሊመጡ ይችላሉ።